ሁለተኛው ስርቆት፦ ከአራዳው ዛፍ እስከ መርካቶው አሻራ

የዕንቁላሉን ተረት ሳይሰማ ያደገ አማርኛ ተናጋሪ ጥቂት ነው። ልጁ ከጎረቤት ዕንቁላል ሰርቆ ለእናቱ ያመጣል፤ እናቱ ከየት አመጣኸው ሳትል ጠብሳ ታበላዋለች። ከዕንቁላሉ ወደ ዶሮ፣ ከዶሮዋ ወደ ፍየል፣ ከፍየሏ ወደ በሬ ይሻገራል። በበሬው ተይዞ ሊሰቀል ሲል እናቴን ልሰናበታት ብሎ ይለምናል፤ ልትስመው ስትጠጋ ጆሮዋን ነክሶ ይቆርጠዋል። «በዕንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ!» ይላታል።

ተረቱን ባሰብኩት ቁጥር የሚገርመኝ መካከሉ ባዶ መሆኑ ነው። በአንድ ጫፍ ዝም ያለች እናት አለች፤ በሌላው ጫፍ ገመድ አለ። ዶሮዋ የጠፋችበት ጎረቤት፣ የፍየሏ ባለቤት፣ ዳኛ፣ ሽማግሌ የሉም። ልጁ ሁለተኛ ጊዜ በሰረቀ ቀን ምን ሊደረግ ይገባ እንደነበር ተረቱ አይነግረንም። ይህ ጽሑፍ በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ያተኩራል፦ አንድ ለጋ ወጣት ለሁለተኛ ጊዜ «ሰረቀ» ተብሎ ሲያዝ አገራችን ትናንት ምን ታደርገው ነበር? ዛሬስ በመርካቶ ሱቅ ደጃፍ ተይዞ ችሎት ሲቆም ምን ይጠብቀዋል?

የመርካቶ ሱቅ ለስርቆት የተጋለጠ ነው። ብዙው ጠባብ ነው፤ ዕቃው ግን ከጣሪያ እስከ መንገዱ ይዘረጋል። ጂንሱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ካልሲው በማዳበሪያ ፈስሶ፣ ሻንጣው መተላለፊያውን ዘግቶ ይውላል። ልምድ ያለው ጫማ ነጋዴ ደጅ የሚያወጣው ከጥንዱ አንዱን እግር ብቻ ነው፤ አንድ እግር ጫማ ይዞ የሚሮጥ ሌባ ምንም እንዳላተረፈ ያውቃል። ገበያተኛዋ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ አዙራ፣ በክንዷ ደግፋ ትሄዳለች። የሱቁ ልጅ አንድ ዓይኑ ዋጋ በምትከራከረው ደንበኛ፣ ሌላው በሩ ላይ ነው። «ሌባ! ያዘው!» የሚል ጩኸት ከተሰማ ደግሞ መንገዱ በሙሉ ይዞራል። ተሸካሚው ሸክሙን ይጥላል፣ ሊስትሮው ከሳጥኑ ይነሳል፣ ማን እንደጮኸ የማያውቀውም ሰው ይሮጣል። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 50 እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ማንም ግለሰብ ጭምር ያለ ማዘዣ እንዲይዝ ፈቅዷል። መያዝን እንጂ መደብደብን የፈቀደ አንቀጽ ግን የለም። መርካቶ ላይ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ ስንት ልጅ በዚያች ደቂቃ ጥርሱን እንዳጣ ያየ ያውቀዋል።

አባቶቻችን ሌባን የሚፈልጉበት የራሳቸው መንገድ ነበራቸው። አንዱ ሌባ ሻይ ነው። ሻይ የተባለው የሚጠጣው ሻይ አይደለም፤ የሚሻ፣ የሚፈልግ ማለት ነው። ዕቃ የጠፋበት ሰው ለሌባ ሻዩ ሹም አቤት ሲል፣ አንድ ለጋ ልጅ የሚያሰክር ነገር እንዲጠጣና እንዲያጨስ ይደረጋል። ወገቡ ላይ መቀነት ታስሮ አንድ ጎልማሳ ከኋላ ይይዘዋል። ልጁ እየተንገዳገደ በመንደሩ ይዞራል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተባለ ማለት ነው። ምስክር አይጠራም፣ ፍንጭ አይመረመርም፤ ባለቤቱ ይከፍላል። በዚህ አሠራር ከድሮ ጀምሮ ስሙ የጠፋ ሰው ደጃፍ ምን ያህል ቅርብ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም፤ መቀነቱን የያዘውም ሰው የመንደሩን ሐሜት የሚሰማ ሰው ነውና። ልማዱ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት ታግዶ ቀረ።

ከእሱ የሚሻለው አውጫጭኝ ነበር፤ አፈርሳታም ይባላል። የአገሩ ሰው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ሥራው ሳይመለስ እየማለ ይጠያየቃል። አድካሚ ነው፤ የእርሻ ቀን ይበላል። ይሁን እንጂ ሰው ሌባ ለመባል ቢያንስ የሚያውቀው ሰው በአደባባይ አፉን ከፍቶ መናገር ነበረበት። ክርክሩ ወደ ዳኛ ሲደርስ ደግሞ ከሳሽና ተከሳሽ በቁራኛ ይታሰራሉ፤ በሰንሰለት ወይም በነጠላቸው ጫፍ ተቆራኝተው፣ ፍርድ እስኪያገኙ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ያድራሉ። የድሮዋ አዲስ አበባ ፎቶግራፎች ላይ እንዲህ የተቆራኙ ሰዎች ይታያሉ። ከሳሹም ነፃነቱን ያጣ ስለነበር ክስ የሚያቀርበው አስቦበት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ቅጣቱ የሥጋ ነበር። ሥጋዊው የፍትሐ ነገሥት ክፍል ብዙውን የወረሰው ከቢዛንታይን ሕግ ነው፤ የ8ኛው ክፍለ ዘመን የቢዛንታይን ሕግ ደግሞ ሁለተኛውን ስርቆት ለይቶ አስቀምጦ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰረቀ ሰው ካለው ዕቃውን መልሶ እጥፍ ይከፍላል፤ ከሌለው ይገረፋል፣ ይሰደዳል። ለሁለተኛ ጊዜ ከሰረቀ እጁ ይቆረጣል። በእኛም አገር እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በሌባና በሽፍታ ላይ እጅና እግር መቁረጥ ሲፈጸም ኖሯል። እጁ የተቆረጠ ሰው የትም አገር ቢሄድ ታሪኩን ማንም ያነብበዋል። መዝገብ ቤት ባልነበረበት ዘመን መዝገቡ የሰውየው ገላ ነበር።

አዲስ አበባ ስትቆረቆር ገበያዋ መርካቶ አልነበረም። ገበያው አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። የገበያው ዳኝነትና ቀረጥ የነጋድራሱ ነው፤ ከእነሱም ስማቸው ገንኖ የቀረው ነጋድራስ ኃይለጊዮርጊስ ወልደሚካኤል ናቸው። ጥበቃው በአራዳ ዘበኛ እጅ ነበር። በዚያው ገበያ አጠገብ ሞት የተፈረደባቸው የሚሰቀሉበት ዛፍ ቆሞ ነበር፤ ግርፋቱም በሕዝብ ፊት ይፈጸማል። የዕንቁላሉ ተረት መጨረሻ በአራዳ ገበያተኛ ዓይን ፊት የሚታይ ነገር ነበር ማለት ነው። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ቅጣቶችን በጽሑፍ ደረጃ ደረጃ ሰጣቸው፤ አለንጋውን ግን አላስቀረም።

መርካቶን በስሙም በቦታውም የተከለው የጣሊያን ወረራ ነው። ወራሪው የከተማዋን መካከል ለራሱ ሰዎች ለማድረግ ሲያቅድ፣ የአገሬውን ሰው ገበያ ከአራዳ አንስቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ «መርካቶ ኢንዲጄኖ» አለው፣ የአገሬው ገበያ ለማለት። ጣሊያን ሄደ፣ መርካቶ ቀረ። ጣሊያንኛ ሌላም ቃል ትቶልን ሄዷል፦ ከርቸሌ። ወህኒን «ካርቸሬ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። አገራችን ከነፃነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. ፖሊስን በአዋጅ አቋቋመች። እ.ኤ.አ. በ1947 ደግሞ ሥራ የሌለውን ተንከራታች የሚመለከት አዋጅ ወጣ፤ ከተማዋ ከገጠር የሚጎርፈውን ወጣት ገና ያኔ በጥርጣሬ ማየት ጀምራለች።

ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ ዛሬም ፍርድ ቤት ውስጥ እናገኘዋለን። የጄኔቫው ፕሮፌሰር ዣን ግራቬን ያረቀቁት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949 ዓ.ም. ታውጆ ከሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ግራቬን አንድን ሰው ደጋጋሚ የሚያሰኘው ምን እንደሆነ በጊዜና በሁኔታ የሚለካ ሕግ አመጡ። ቢሆንም የአገሩ ሰው በሌባ ላይ የነበረው ስሜት በቀላሉ አልበረደም፤ ለከባድ ስርቆትና ለውንብድና ግርፋት እንዲኖር «120ሀ» የሚል አንቀጽ ተጨመረ። አንድ ፊደል የተቀጠለበት ያ ቁጥር ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ በአዲሱ ቤት ጓሮ የቀረ አሮጌ አለንጋ ይመስለኛል። በደርግ ዘመን አነስተኛውን ስርቆት የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ያየው ጀመር፤ ዳኛውና ተከሳሹ የአንድ ሰፈር ሰዎች ሆኑ፣ ይህም እንደ ሰፈሩ ምሕረትም መከራም ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ጭካኔ የተሞላበትንና ኢሰብአዊ ቅጣትን ከለከለ፤ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ግርፋትን ጨርሶ ተወው።

አሁን አንድ ልጅ እናስብ። ዕድሜው 19 ነው። ከገጠር መጥቶ አውቶቡስ ተራ የወረደው በ16 ዓመቱ ነው፤ በሸክም ሥራ ይተዳደራል። አንድ ቀን ከሱቅ ደጃፍ ሸሚዝ መንትፎ ተያዘ። ችሎት ቀርቦ «ጥፋተኛ ነኝ» አለ፤ አብረውት ታስረው የነበሩት «እመን፣ ቶሎ ትወጣለህ» ብለው መክረውታል። ስድስት ወር ቀላል እስራት ተፈረደበት፣ ጨርሶም ወጣ። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ በጫማ ተያዘ።

በመጀመሪያ የሚመጣው የዋስ ጉዳይ ነው። ሕገ መንግሥቱ ተጠርጣሪው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ልጁ ዋስ ይጠይቃል፤ በ1954 ዓ.ም. የወጣው ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 67 ደግሞ ሌላ ወንጀል ሊፈጽም ይችላል ተብሎ የሚገመት ሰው ዋስትና እንዲከለከል ይፈቅዳል። «ከዚህ በፊትም በስርቆት ተይዞ ነበር» የሚለው የፖሊስ ቃል ክብደቱ እዚህ ላይ ይሰማል። ቢፈቀድለትስ? ዋስ የሚሆነው ሰው ደመወዝ ወይም ንብረት ያለው መሆን አለበት፤ በሸክም የሚያድር ልጅ እንዲህ ያለ ዘመድ ከየት ያመጣል? ስለዚህ በአነስተኛ ስርቆት የተከሰሰ ወጣት ገና ሳይፈረድበት የቅጣቱን አንድ ክፍል ታስሮ ሊጨርስ ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ብቻውን ነበር ወይስ ከጓደኛ ጋር የሚለው ነው። ብቻውን ከሆነ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 665 ነው፤ እንደ ነገሩ ሁኔታ ቀላል እስራት ወይም እስከ አምስት ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት። አንዱ ባለሱቁን በዋጋ ሲያከራክር ሌላው ጫማውን ጃኬት ሥር ከከተተ ግን ዐቃቤ ሕግ አንቀጽ 669ን፣ ከባድ ስርቆትን፣ ሊያነሳ ይችላል። የዚህ መነሻው አንድ ዓመት፣ ጣሪያው 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ጫማው ያው ጫማ ነው፤ የልጁን ዕድሜ የሚበላው «አብረን ነበርን» የሚለው አንድ ቃል ነው። ከተያዙት ወጣቶች ስንቱ ይህን አውቆ ቃሉን ይሰጣል?

ሦስተኛው ነገር ከሕጎቻችን ሁሉ በጣም የማከብረው ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 138 ተከሳሹ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ የቀድሞ ጥፋቱ ለፍርድ ቤቱ እንዳይገለጥ አዟል። ዐቃቤ ሕጉ በእጁ ያለውን ሪከርድ ከፋይሉ አያወጣም። ዳኛው ማየት ያለበት ጫማውን ነው፦ ማን አየ? ማን ያዘ? ዕቃው የት ተገኘ? የሌባ ሻዩ መቀነት ወደሚታወቀው ሌባ ደጃፍ እንዳይጎትት የተሠራ አጥር ነው። በመንደራችን ግን ነገሩ ተገልብጧል። «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» እንላለን፤ አንዴ የሰረቀ ልጅ ባለፈበት መንገድ የጠፋ ዕቃ ሁሉ የእሱ ነው። የፖሊስም የባለሱቅም ዓይን ከመጀመሪያው ወደሚታወቀው ፊት ይሄዳል። አንቀጽ 138 ዳኛውን ከዚህ ሊጠብቀው ይችላል፤ ምስክሩን ግን አይጠብቀውም። ምስክሩ ልጁን ቀድሞ ያውቀዋል።

ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ሪከርዱ ይወጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ ሕጉ የሚቆጥረው ክስን አይደለም። ሦስት ጊዜ ተይዞ ሦስቴም በነፃ የተለቀቀ ወጣት በሕግ ፊት ደጋጋሚ አይደለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 67 ደጋጋሚ የሚለው ቀድሞ ተፈርዶበት ቅጣቱን በሙሉ ወይም በከፊል ከፈጸመ ወይም በይቅርታና በምሕረት ከተተወለት በኋላ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ አስቦ ሌላ ወንጀል የፈጸመውን ነው። የእኛ ልጅ ስድስት ወሩን ጨርሷል፣ አምስት ዓመት አልሞላውም፤ ስለዚህ ደጋጋሚ ነው። አንቀጽ 188 ደግሞ ፍርድ ቤቱ ለወንጀሉ ከተደነገገው ጣሪያ በላይ እንዲሄድ በር ይከፍታል። በመጀመሪያው ጊዜ የረዳው «ከዚህ በፊት መልካም ጠባይ ነበረው» የሚል ማቅለያም አሁን የለም። የሚቀሩለት ችግሩ፣ ድህነቱ፣ ማመኑና መጸጸቱ ናቸው፤ የመከላከያ ጠበቃው ሊታገልባቸው የሚችለው እነዚህን ይዞ ነው። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቅጣት አወሳሰን መመሪያ፣ በኋላም በ2006 ዓ.ም. የተሻሻለው፣ የዳኛውን ስሌት በእርከን አድርጎታል። ስሌቱ ዳኞች እንዳይለያዩ ረድቷል፤ የልጁን ፊት ቀና ብሎ ለማየት ግን ቦታ ያጠብባል።

የመጀመሪያው ቅጣት በገደብ የተላለፈ ቢሆንስ? ይህ ለብዙ ወጣት የተሰወረ ወጥመድ ነው። በገደብ የተለቀቀ ልጅ «ተማርኩ» ብሎ ይወጣል። በፈተናው ጊዜ ውስጥ ዳግም ካጠፋ ያ ታግዶ የቆየው ቅጣት ተነስቶ ከአዲሱ ጋር ይመጣበታል። ችሎቱ በሩጫ ሲያልፍ ይህ ተነግሮት ይሆናል፤ ልጁ ግን የሰማው «ሂድ» የሚለውን ብቻ ነው።

ዕድሜም አለ። ሕጉ ከ9 ዓመት በታች ያለውን ከወንጀል ኃላፊነት ያወጣል፤ ከ9 እስከ 15 ያለውን በተለየ ሥርዓት ይዳኛል፤ ከ15 እስከ 18 ያለው እንደ ዐዋቂ ሆኖም በሚቀልለት መንገድ ይታያል። በ18 ዓመት ከአንድ ቀን ይህ ሁሉ ይቀራል። ችግሩ መርካቶ ከሚውለው ልጅ ብዙው የልደት ወረቀት የሌለው መሆኑ ነው። የልደት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት በገጠር የተወለደ ልጅ ዕድሜውን የሚቆጥረው «በእንዲህ ያለው ክረምት» እየተባለ ነው። ፍርድ ቤቱ ሐኪም ቤት ልኮ በምርመራ ዕድሜውን ይገምታል፤ 17 ይሁን 19 የሚወስነው ያ ግምት ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ያን ጥንቁቅ የአምስት ዓመት ቆጠራ የያዘው የወንጀል ሕግ በወጣበት በዚያው በ1996 ዓ.ም. የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384 ወጥቷል፤ በእሱ የተያዘ ሰው ዋስትና አያገኝም። በአንድ እጅ «የቀድሞ ስሙን አትጥሩ፣ ድርጊቱን መርምሩ» ያልን አገር፣ በሌላው እጅ ሰውየውን በኑሮው ሁኔታ የምንይዝበት ሕግ ጻፍን። ይህ ስህተት ነበር ብዬ አምናለሁ፤ መርካቶ ላይ በሸክምና በልመና መካከል የሚኖረውን ወጣት ከሌባው የሚለይ ወንፊት አልነበረውምና።

በሌባ ላይ መጨከን የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1699 ባወጣችው ሕግ ከሱቅ አምስት ሽልንግ የሚያወጣ ዕቃ የሰረቀን በሞት ትቀጣ ነበር። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1994 በሦስተኛው ጥፋት ዕድሜ ልክ የሚያሳስር ሕግ አወጣች። ሊያንድሮ አንድራዴ የተባለ ሰው 150 ዶላር ገደማ የሚያወጡ የቪዲዮ ካሴቶችን ከሁለት ሱቅ ወስዶ፣ ከ50 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ፍርዱን በ5 ለ4 ድምፅ አጸናው። የካሊፎርኒያ ሕዝብ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 በድምፁ ያን ሕግ አለዘበው።

ወደ ልጃችን እንመለስ። ቅጣቱን ጨርሶ ሲወጣ እጁ ሙሉ ነው፤ አሻራው ግን በፖሊስ መዝገብ ቀርቷል። ጥበቃ ልሁን፣ ሹፌር ልሁን፣ ውጭ አገር ልሂድ ሲል «ከወንጀል ነፃ መሆንህን የሚገልጽ ማስረጃ አምጣ» ይባላል። የድሮ ሰው ከእጁ ጉቶ የሚያነብበውን ታሪክ ዛሬ ቀጣሪው ከወረቀት ያነብበዋል። ሕጉ ለዚህም በር ትቷል፤ ጊዜውን ጠብቆ፣ ጠባዩን አሳይቶ፣ «መሰየም» የተባለው የመብት መመለስ እንዲሰጠውና ፍርዱ ከመዝገቡ እንዲፋቅለት ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ይህን በር የሚያውቅ አንድ ተሸካሚ መርካቶ ውስጥ አላገኘሁም። ጠይቄያለሁ፤ ሲኒማ ራስ አጠገብ ሸክም የሚጠብቁ ወጣቶችን፣ ምናለሽ ተራ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡትን። አንዱ «ሪከርድ ይፋቃል እንዴ?» ብሎ ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ ስለ ጓደኛው ነው አለኝ።

ቅጣቱን የጨረሰ ልጅ ከማረሚያ ቤት ሲወጣ ሌላ የሚያውቀው ሰፈር የለምና ታክሲ ይዞ ወደ መርካቶ ይመለሳል። ሸክሙ፣ ማደሪያው፣ በዱቤ የምታበላው ሴት እዚያ ናቸው። የያዙት ባለሱቆችም እዚያ ናቸው። በዚያ በኩል ሲያልፍ የሱቁ ልጅ ከመቀመጫው ይነሳል፤ ደጅ ያለውን ጫማ ገፋ አድርጎ ወደ ውስጥ ያስገባል። አዲሱ አምስት ዓመት መቆጠር የጀመረው የዚያን ቀን ጠዋት ነው።